የተጣበቀውን የሞዴል አውሮፕላን ሞተር እንዴት እንዳጸዳሁት

ዓመታት መደርደሪያ ላይ የከረመ ትንሽ የሞዴል አውሮፕላን ሞተር እጄ ገባ። ፕሮፔለሩ ንቅንቅ አይልም። ሲሊንደሩም ውጪው በቡናማ ቅርፊት ተሸፍኗል።

ጥፋተኛው የጉሎ ዘይት ነው። የእነዚህ ሞተሮች ነዳጅ ሜታኖል፣ ዘይትና አብዛኛውን ጊዜ ናይትሮሜቴን ነው። ዘይቱ የጉሎ ከሆነ፣ ሞተሩ ሳይነሳ ሲቀመጥ እንደ ሙጫ ይደርቃል። የጋለው ብረት ላይ ደግሞ ተጠብሶ ይቀራል።

እባካችሁ በፒንሳ አታስገድዱት፤ የፒስተኑ ዘንግ ሊጣመም ይችላል። እኔ በፀጉር ማድረቂያ ደህና አድርጌ አሞቅኩት። ሙጫው ላላና ፕሮፔለሩ ቀስ ብሎ ዞረ።

ከዚያ ካንዴላውን፣ ካርቡራተሩንና ማርሚታውን ፈታሁ። ጎማና ፕላስቲክ ያለበትን ሁሉ ለየሁ። ብረቱን አሮጌ የኤሌክትሪክ ድስት ውስጥ ከትቼ፣ የመኪና አንቲፍሪዝ (ራዲያተር ውስጥ የሚጨመረው ፈሳሽ) እስኪሸፍነው ሞላሁበት። ሳይፈላ፣ በትንሽ ሙቀት ለሰዓታት ቆየ። ቅርፊቱ በጥርስ ብሩሽ ብቻ ተላቀቀ፤ አሉሚኒየሙ አበራ! ቀለም የተቀባ ክፍል ካለ ግን አትክተቱት፣ ቀለሙ ሊለቅ ይችላል።

አደራ፣ አንቲፍሪዝ ብዙውን ጊዜ ኢትሊን ግላይኮል አለበት፤ መርዝ ነው። ጣፋጭ ስለሆነ ልጆችንና ውሾችን ያታልላል። በረንዳ ላይ ሥሩ። ድስቱም ዳግመኛ ለምግብ አይሆንም።

በመጨረሻ በሙቅ ውሃ አጥቤ ወዲያው አደረቅኩት። ኩሽኔታዎቹ እንዳይዝጉ ቀጭን ዘይት ጠብ አደረግኩባቸው። ገጥሜ ሳዞረው ኮምፕሬሽኑ (ፒስተኑ አየሩን የሚያምቅበት ኃይል) ጠንካራ ነው።