የትንንሽ ወታደሮች ባንዲራ ድርቅ ሲልባችሁ

በ1943 ዓ.ም. ኮሪያ የገባውን የመጀመሪያውን ቃኘው ሻለቃ በ1/35 ስኬል፣ ማለትም ከእውነተኛው 35 ጊዜ በሚያንስ መጠን፣ በትንንሽ ሞዴሎች እየሠራሁ ነው። ወታደሮቹ አምረዋል። ባንዲራው ግን ቀናት በላብኝ።

በወረቀት ያተምኩት አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ድርቅ ይላል። እርሳስ ላይ ጠቅልዬ ሞገድ ሳወጣለት ተመልሶ ይዘረጋል። ቀጭን ጨርቅ ሞከርኩ፤ በዚህ መጠን ድርና ማጉ ገዝፎ ይታያል። ወረቀቱን በኮላ አርሼ ላጥፈው ስል ደግሞ የኢንክጄት ፕሪንተሩ ቀለም ለቀቀና አንበሳው ተጨማለቀ።

መፍትሔው ፎይል ሆነ። ያው ምግብ የምንጠቀልልበት።

መጀመሪያ ባንዲራውን በስስ ወረቀት፣ በሌዘር ፕሪንተር አሳተምኩ፤ ሌዘር በእርጥበት አይለቅም። ሁለቱን ገጾች ጎን ለጎን አድርጌ አንዱን በመስታወት እንደሚታየው ገለበጥኩት። መሃል ላይ ዘንጉን የሚዞር ክፍተት ይተዋል። 90 በ180 ሳንቲ ሜትር የሆነ ባንዲራ በዚህ ስኬል 26 በ51 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ ወረቀቱን ዘንጉ ላይ አጥፌ፣ ፎይሉን መሃሉ አስገብቼ በነጭ ኮላ ስስ አድርጌ አጣበቅኩ።

ኮላው ሳይደርቅ እጥፋቱን በስቴኪኒ አወጣሁ። እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ነፋስ ሲቀንስ ጨርቁ የሚንጠለጠለው ከላይኛው የዘንግ ጥግ ነው፤ ስለዚህ እጥፋቱ ከዚያ ተነስቶ በሰያፍ ይወርዳል። እኩል እኩል ሞገድ ቆርቆሮ ያስመስለዋል።

ሲደርቅ ነጭ የቀረውን ጠርዝ በየቀለሙ በአክሪሊክ ሸፈንኩ። የእጥፋቱ ጎድጓዳ ጠቆር፣ ጀርባው ፈካ ይበል። ቢጫውን በጥቁር አታጥቁሩት፣ ይቆሽሻል፤ ቡናማ ይሻለዋል። በመጨረሻ ማት (የማያብለጨልጭ) ቫርኒሽ ቀቡት፤ የሌዘር ህትመት ያብለጨልጫል።