የሰርቨር ዲስክ ስትፈልጉ ተጠንቀቁ

ኮምቦልቻ መብራት ሄዶ ሲመጣ ሰርቨሩም አብሮ ጠፍቶ ይነሳል። ጉዱ የሚወጣውም ያኔ ነው፤ ትናንት ሊኑክስ ኤስዲቢ ብሎ የሰየመው ዲስክ ዛሬ ኤስዲሲ ሆኖ ቁጭ ይላል።

ትልቁ ስህተት እነዚህን ስሞች ቋሚ አድርጎ መያዝ ነው። የሊኑክስ ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) የስሞቹን የመጨረሻ ፊደል የሚሰጠው ዲስኮቹን ባገኘበት ቅደም ተከተል ስለሆነ፣ ፍላሽ ተሰክቶ ከቀረ ወይም አንዱ ዲስክ ለመነሳት ከዘገየ ተራው ይዛባል። ሰርቨሩ ሲነሳ የትኛው ዲስክ የት እንደሚያያዝ በሚነግረው ኤፍኤስታብ ፋይል ላይ ኤስዲቢ1 (የኤስዲቢ የመጀመሪያ ፓርቲሽን፣ ማለትም ክፍል) ብላችሁ ከጻፋችሁ አንድ ቀን ሌላ ዲስክ ማውንት ይሆናል፣ ማለትም በቦታው ይያያዛል፣ ወይም ሰርቨሩ መነሳቱን ሳይጨርስ ኢመርጀንሲ ሞድ ላይ ይቆማል። ያኔ በርቀት መግባት የለም፤ ደሴ ያለው ባለሙያ በሌሊት የሐረጎን ቁልቁለት መውረድ አለበት። ስለዚህ በቢኤልኬአይዲ ትእዛዝ ዩዩአይዲውን፣ ማለትም ፎርማት ሲደረግ የተሰጠውን መለያ ቁጥር፣ አውጡና በኤስዲቢ1 ፋንታ እሱን ጻፉ። ለመነሻ የማያስፈልግ የዳታ ዲስክ ከሆነ ኖፌይል የሚለውን አማራጭም ጨምሩበት፣ ዲስኩ ቢጠፋም ሰርቨሩ ይነሳል።

የዲኤፍን ትእዛዝ ውጤት ብቻ አይቶ «አዲሱ ዲስክ አልታየም» ማለትም አለ። ዲኤፍ ማውንት የሆነውን ብቻ ነው የሚያሳየው። ማውንት ያልሆነውንም የሚያሳየውን ኤልኤስቢኤልኬን ተጠቀሙ።

ደግሞ ሁሉም ዲስክ በኤስዲ አይጀምርም። ኤንቪኤምኢ የሚባለው ፈጣን ዲስክ ለምሳሌ ኤንቪኤምኢ0ኤን1 ይባላል፣ የመጀመሪያው ፓርቲሽኑም መጨረሻው ላይ ፒ1 ይጨመርበታል። ቨርቹዋል ማሽን (በሶፍትዌር የተፈጠረ ኮምፒውተር) ላይ ቪዲኤ የሚል ስም ልታገኙ ትችላላችሁ።

በጣም የሚያሳዝነኝ ግን በመጠን ብቻ መለየት ነው። አንድ ላይ የተገዙ ሁለት ዲስኮች መጠናቸውም ሞዴላቸውም አንድ ነው፤ ባዶው መስሏችሁ ፎርማት ያደረጋችሁት የሠራተኛው ደመወዝ ያለበት ሊሆን ይችላል፣ ባክአፕ ከሌለ ደግሞ አለቀ። የሚለያቸው ሲሪያል ቁጥሩ ነው። ዲስኩን ከመግጠማችሁ በፊት ላዩ ላይ ያለውን ጽሑፍ በስልክ ፎቶ አንሱ፣ ከዚያ ዴቭ ውስጥ ዲስክ፣ እሱ ውስጥ ባይ አይዲ የሚለውን ፎልደር ክፈቱና እዚያ ካሉት ስሞች ጋር አመሳክሩ። ሰርቨሩ ብዙ ዲስኮችን የሚያጣምር የሬይድ ካርድ ካለው ግን ብዙ ጊዜ የሚታየው ካርዱ የፈጠረው አንድ ዲስክ ስለሆነ፣ ሲሪያሉን ከካርዱ ሶፍትዌር ፈልጉ።

ዩዩአይዲም ቢሆን ፎርማት ስታደርጉ ይቀየራል፤ ዲስክ በዲዲ ትእዛዝ ከቀዳችሁ ደግሞ ሁለቱም አንድ ዓይነት ይይዛሉ። ኤፍኤስታብን በነካችሁ ቁጥር ሪስታርት ከማድረጋችሁ በፊት የፋይንድማውንትን ትእዛዝ ቬሪፋይ ከሚለው አማራጭ ጋር አስኬዱት፣ ስህተቱን እዚያው ይነግራችኋል።