ደም ብዛት ካለብዎ ዓይንዎን እንዴት ያስመረምራሉ?

ደም ብዛት ያለበት ሰው ዓይኑ ሲደበዝዝበት መጀመሪያ የሚያስበው መነጽር መቀየር ነው። ደም ብዛት የሚጎዳው ግን በዓይን ውስጥ ከኋላ በኩል ያለውን፣ ብርሃን የሚቀበለውን ሬቲና የሚመግቡትን ቀጫጭን የደም ሥሮች ነው። ግፊቱ ለዓመታት ሲበረታባቸው ግድግዳቸው ይወፍራል፣ ውስጣቸው ይጠባል፤ ሲብስም ደምና ፈሳሽ ያፈስሳሉ። ይህ ሁሉ ሲሆን አያምም፤ እይታም ሳይቀንስ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ "ደህና አያለሁ" ብሎ መቅረት አያዋጣም።

ከዓይን ምርመራው ቀጠሮ በፊት ለ7 ቀናት ጠዋትና ማታ የደም ግፊትዎን ለክተው ይጻፉ። የጠዋቱ ኪኒን ከመውሰድዎ በፊት ይሁን። ሽንት ቤት ደርሰው፣ ቡና ከጠጡ 30 ደቂቃ አልፎ፣ ጀርባዎን አስደግፈው 5 ደቂቃ ይቀመጡ። እግር አይነባበርም፣ ወሬ የለም፣ ክንድ በልብ ትክክል ጠረጴዛ ላይ ይረፍ። ክንድ ላይ የሚጠቀለለው ጨርቅ ከጠበበ ቁጥሩን ከፍ አድርጎ ያሳያል፤ ወፍራም ክንድ ያለው ሰው ሰፊውን ይጠይቅ። በ1 ደቂቃ ልዩነት ሁለቴ ይለኩ። ቤት ውስጥ አማካዩ 135/85 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ከፍ ብሏል ማለት ነው።

የበርጫ ነገር ሳይነሳ አይታለፍም። ጫት የልብ ምትን ያፈጥናል፣ ግፊትንም ለሰዓታት ከፍ ያደርጋል። ምሽት የለኩት በምርቃና ላይ ሆነው ከሆነ ከቁጥሩ ጎን ይጻፉት፤ ተደብቆ ከቀረ ሐኪሙ ያላስፈለገ መድኃኒት ሊጨምርልዎ ይችላል።

በምርመራው ቀን የኪኒኖችዎን ማሸጊያ ይዘው ይሂዱ። ፊደል ማንበብ ብቻውን አይበቃም፤ ሬቲና በደንብ የሚታየው የዓይንን መሃል ጥቁር ክብ በሚያሰፋ ጠብታ ነው። ጠብታው ሳይገባ ደም ብዛት እንዳለብዎ ይናገሩ፤ አንዳንዱ ጠብታ የደም ግፊትን ይጨምራል። ከዚያ በኋላ ለ4 እስከ 6 ሰዓታት ያህል ቅርቡ ይደበዝዛል፣ ብርሃን ይወጋል። የድሬዳዋን ፀሐይ ለሚያውቅ ባርኔጣና ጥቁር መነጽር ቅንጦት አይደለም። ለምርመራ ከሐረር ወደ ድሬዳዋ የመጣ ሰው በዚያ ዓይን በደንገጎ ጠመዝማዛ መንገድ መንዳት የለበትም፤ ሰው ይዞ ይምጣ። ባጃጅ የሚያሽከረክርም ያን ቀን ሥራውን ይተው።

እግረ መንገድዎን የዓይን ግፊት እንዲለካልዎ ይጠይቁ። ይኸኛው ሲጨምር የዓይንን ነርቭ ጎድቶ ግላኮማ የሚባለውን በሽታ ሊያመጣ ይችላል፤ ዓይን ውስጥ ያለ ፈሳሽ የሚፈጥረው ግፊት እንጂ በክንድ የሚለካው አይደለም። አንዱ ደህና ስለሆነ ሌላውም ደህና ነው ማለት አይቻልም። ለግላኮማ ቲሞሎል ጠብታ ከታዘዘልዎና አስም ካለብዎ ወይም የልብ ምትዎ ዝግ ያለ ከሆነ ሳይጀምሩት ይናገሩ።

አንድ ዓይን ያለ ሕመም ድንገት ከጨለመ፣ ወይም የደም ግፊቱ 180/120 አልፎ እይታ ከደበዘዘ ወይም ራስ ክፉኛ ካመመ፣ ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ይሂዱ። መንገድ ላይ ኪኒን ደራርበው አይዋጡ፤ ግፊት በአንድ ጊዜ ሲወርድ የዓይን ነርቭና አንጎል ደም ያጥራቸዋል። በነጩ የዓይን ክፍል ላይ ድንገት የሚታየው ደም የመሰለ ቀይ ግን፣ ሕመምና የእይታ ለውጥ ከሌለው፣ ከአስፈሪነቱ በቀር ብዙ ጊዜ ጉዳት የለውም፤ በ2 ሳምንት ገደማ ይጠፋል። የደም ግፊትዎን ግን የዚያኑ ቀን ይለኩ።