ሊንኩ ተጭኖ ፕሮግራሙ አልነሳ ሲል

ቱሉ ዲምቱም ይሁን ኮዬ ፈጬ፣ ጽሕፈትና ኮፒ ቤት የገባ ደንበኛ የቴሌግራም ሊንክ ይሰጥዎታል። ገጹ ክሮም ላይ ይከፈታል፤ ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ቴሌግራም ግን ንቅንቅ አይልም። ብዙ ሰው ያኔ ፕሮግራሙን እንደ አዲስ ማውረድ ይጀምራል። ፓኬጅዎን አይጨርሱ፤ ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ኮምፒውተሩ ውስጥ ነው።

ድረ ገጹ በራሱ ፕሮግራም አያስነሳም፤ አድራሻ ለዊንዶውስ ያቀብላል እንጂ። የሚያቀብለው የቴሌግራም አድራሻ «ቲ» እና «ጂ» በሚባሉት የላቲን ፊደላት ይጀምራል። ዊንዶውስ በዚህ ስም የተመዘገበውን ፕሮግራም ከመዝገቡ ፈልጎ ይከፍታል።

መጀመሪያ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ይለዩ። የዊንዶውስን ቁልፍ ከ«አር» ጋር ይጫኑ። በምትመጣው ሳጥን ሁለቱን ፊደላት፣ ኮሎንና ሁለት ስላሽ ሳያራርቁ ጽፈው ኢንተር ይበሉ። ቴሌግራም ከተነሳ ጣጣው የብራውዘሩ ነው፤ ካልተነሳ የምዝገባው።

ምዝገባው በብዛት የሚጠፋው ኮምፒውተሩ ፎርማት ሲደረግ ነው። ፕሮግራሙ «ዲ» ድራይቭ ላይ ተርፎ ይገኛል፤ መዝገቡ ግን ዊንዶውስ ካለበት «ሲ» ድራይቭ ጋር ተጠርጓል። ሌላው ምክንያት ፎልደሩን ማዛወር ወይም ፕሮግራሙን ከፍላሽ ላይ አስነስቶ ፍላሹን መንቀል ነው፤ መዝገቡ ባዶ ቦታ እያመለከተ ይቀራል። ለቴሌግራም መፍትሔው ቀላል ነው፦ ፎልደሩን ቋሚ ቦታ ያስቀምጡና ፕሮግራሙን አንዴ በእጅ ይክፈቱት፤ ራሱን መልሶ ይመዘግባል። ዙምን የመሰሉት ግን እንደገና መጫን ሊያስፈልጋቸው ይችላል፤ ስብሰባው ከተጀመረ ገጹ ላይ «ከብራውዘር ግባ» የሚለውን አማራጭ ይጠቀሙ።

ሊንኩ ሌላ ፕሮግራም ከከፈተ፣ በዊንዶውስ 11 «ሴቲንግስ»፣ «አፕስ»፣ «ዲፎልት አፕስ» ብለው ይግቡና ወደ ታች ይውረዱ። በሊንክ ዓይነት መምረጫውን ከፍተው ሁለቱን ፊደላት ይፈልጉና ትክክለኛውን ይምረጡ።

ጥፋቱ የብራውዘሩ ከሆነስ? ክሮም «ይከፈት?» ሲል ሳያዩ ሰርዘውት ይሆናል። ገጹን ያድሱና ሊንኩን ራስዎ ይጫኑ፤ ያለ ጠቅታ ደጋግሞ እንዲከፍት ክሮም አይፈቅድም። ፋየርፎክስ ላይ ደግሞ በ«ጄኔራል» ሥር «አፕሊኬሽንስ» የሚለውን ይዩ።

«ሁልጊዜ ፍቀድ» የምትለዋን ሳጥን የግል ኮምፒውተር ላይ፣ ለሚያምኑት ገጽ ብቻ ምልክት ያድርጉባት። ብዙ ሰው በሚቀመጥበት የኮፒ ቤት ማሽን ላይ ግን በየጊዜው መጠየቁ ይሻላል።