ድንገት ድርግም የሚል ኮምፒውተር፦ መንስኤውን ስንፈልግ የምንሠራቸው ስህተቶች

ጭራሽ አልነሣም ያለ ኮምፒውተር ይሻላል። ቢያንስ ችግሩ ሁሌም እዚያው ስላለ ተረጋግቶ መፈለግ ይቻላል። ራስ ምታት የሚሆነው ቀኑን ሙሉ ደህና ሠርቶ ማታ ላይ ድርግም የሚለው ነው። ሲለው ሰማያዊ ስክሪን (በአዲሶቹ የዊንዶውስ 11 ስሪቶች ጥቁር የሆነውን የስህተት ገጽ) ያሳያል፣ ሲያሻው ባለበት ፍሪዝ ያደርጋል። ለባለሙያ ስታሳዩት ደግሞ እንግዳ እንደመጣበት ልጅ ጨዋ ይሆናል።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሰለቸውና እጁ ላይ የመጣለትን ሁሉ መቀየር ይጀምራል። እኔ ግን መንስኤው የሚሰወርብን አብዛኛውን ጊዜ ማስረጃውን በገዛ እጃችን ስለምናጠፋው ነው ባይ ነኝ። ከዚህ በታች የማወራው ስለ ዊንዶውስ ዴስክቶፕ ነው።

“ፎርማት ይደረግ” ብሎ መጀመር

ኮምፒውተር ባስቸገረ ቁጥር የመጀመሪያው ምክር ይኼው ነው። ፎርማት አድርገው፣ አዲስ ዊንዶውስ ጫንበት፣ ይለቀዋል። አንዳንዴ እውነትም ይለቀዋል። ካልለቀቀው ግን ጉድ ፈላ። ዊንዶውስ ብልሽት በገጠመው ቁጥር ማስታወሻ ሲይዝ ነበር፤ ፎርማቱ ጠራርጎ ወስዶታል። ጥፋተኛው ራም (ኮምፒውተሩ ሲሠራ ዳታ ለጊዜው የሚይዝበት ሚሞሪ) ከሆነ ደግሞ የባሰ ነው። አዲሱ ዊንዶውስ በዚያው በተበላሸ ራም በኩል ሲጫን ፋይሎቹ ገና ከጅምሩ ሊበላሹ ይችላሉ። በአንድ ችግር ፈንታ ሁለት ይሆንባችኋል።

ማስታወሻው የት አለ? መጀመሪያ ስታርት ላይ “ሪላይቢሊቲ” ብላችሁ ፈልጉና ሪላይቢሊቲ ሞኒተርን ክፈቱ። ቀን በቀን የተደረደረ ሰንጠረዥ ነው። ብልሽት ያለበት ቀን ላይ ቀይ ምልክት አለ። የዚያ ቀን አፕዴት፣ አዲስ የተጫነ ፕሮግራምና ድራይቨርም (ዊንዶውስን ከሃርድዌሩ ጋር የሚያግባባው ሶፍትዌር) እዚያው ይታያል። ቀዩ ምልክት መደጋገም የጀመረው አንድ ድራይቨር በተጫነ ማግስት ከሆነ ግማሹን መንገድ ጨርሳችኋል። በእኔ አስተያየት ዊንዶውስ ውስጥ ካሉት ጠቃሚ ነገሮች አንዱ ነው፤ የሚከፍተው ግን የለም።

ሁለተኛው ሲ ድራይቭ ላይ፣ የዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ ያለው “ሚኒደምፕ” ነው። ሰማያዊ ስክሪን በመጣ ቁጥር አንድ ትንሽ ፋይል እዚያ ይቀመጣል። ባዶ ከሆነ ወዲያው “ሰማያዊ ስክሪን አልነበረም” አትበሉ። ፔጅ ፋይል (ዊንዶውስ ራም ሲያንሰው ዲስክ ላይ የሚጠቀምበት ፋይል) ከጠፋ ወይም ድራይቩ ጢም ብሎ ከሞላ ፋይሉ ላይጻፍ ይችላል። “ኮምፒውተር እናጸዳለን” የሚሉት ፕሮግራሞችም ይህንኑ ፋይል እንደ ቆሻሻ ቆጥረው ያጠፉታል። ምርመራው እስኪያልቅ ድረስ አታስነኳቸው።

በዚሁ አጋጣሚ፦ ምንም ነገር ከመንካታችሁ በፊት የምትሳሱለትን ፋይል ሌላ ቦታ ኮፒ አድርጉ። ጥፋተኛው ዲስኩ ሊሆን ይችላል።

አጠፋፉን ሳይለዩ መፍረድ

“ኮምፒውተሬ ክራሽ ያደርጋል” ሲባል ቢያንስ ሦስት የተለያየ ነገር ሊሆን ይችላል።

ሰማያዊ ስክሪን ከመጣ፣ ችግሩን አይቶ ያቆመው ዊንዶውስ ራሱ ነው። ኃይል አልተቋረጠም። ድራይቨር፣ ራም፣ ዲስክ፣ አንዳንዴም ፕሮሰሰር ይጠረጠራል። ምንም መልእክት ሳይኖር ገመዱ እንደተነቀለ ድርግም ካለ ግን ዊንዶውስ ትንፋሽ የሚወስድበት ጊዜ እንኳ አላገኘም። ያኔ ፓወር ሰፕላዩን (ለክፍሎቹ ኃይል የሚያድለውን ሳጥን)፣ ገመዱን፣ ሶኬቱን፣ ማከፋፈያውን፣ ከዚያም ሙቀትና ማዘርቦርድን ታያላችሁ።

ሦስተኛው ስታክ የሚያደርገው ነው። ምስሉ ይቆማል፣ ማውሱ አይንቀሳቀስም፣ ድምፁ አንዳንዴ አንድ ቦታ ላይ ይደጋግማል። ወዲያው አታጥፉት። ኪቦርዱ ላይ ካፕስ ሎክን ተጫኑና መብራቷን እዩ። በርታ ከጠፋች ዊንዶውስ ውስጡ በሕይወት አለ፤ የሞተው ምናልባት የግራፊክሱ ክፍል ነው። ያኔ የዊንዶውስን ቁልፍ፣ ኮንትሮልን፣ ሺፍትንና የቢን ቁልፍ አንድ ላይ ተጫኑ፤ የግራፊክስ ድራይቨሩ እንደገና ይነሣል። ምስሉ ከተመለሰ ተጠርጣሪያችሁን አገኛችሁ። የካፕስ ሎክ መብራት ካልተንቀሳቀሰች ነገሩ ጠለቅ ያለ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ዊንዶውስ ሰማያዊ ስክሪን ካሳየ በኋላ በራሱ ሪስታርት እንዲያደርግ ሆኖ ነው የሚመጣው። አንዳንዴ ስክሪኑ ሳይታይ ስለሚያልፍ ሰው “ኃይል ተቋረጠ” ብሎ ይደመድማል። ሲስተም ፕሮፐርቲስ ውስጥ፣ አድቫንስድ ከሚለው ሥር “ስታርትአፕ ኤንድ ሪከቨሪ” አለ። እዚያ “አውቶማቲካሊ ሪስታርት” የሚለውን ምልክት አንሡት። ከዚያ በኋላ ሰማያዊው ስክሪን ፎቶ እስክታነሡት ድረስ ይጠብቃችኋል።

ከርነል-ፓወር 41ን እንደ ፍርድ ማንበብ

ኢቨንት ቪወርን (የዊንዶውስን የክስተት መዝገብ ማሳያ) የከፈተ ሰው መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው ቀይ ምልክት ባለበት “ከርነል-ፓወር 41” ላይ ነው። ፓወር የሚለውን ሲያይ ፓወር ሰፕላይ ሊገዛ ይነሣል። 41 ግን የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ኮምፒውተሩ ባለፈው ጊዜ በወጉ አልተዘጋም። ይህንንማ እናንተም ታውቃላችሁ፣ ፊቱ ተቀምጣችሁ ነበር! ገመዱን ብትነቅሉትም፣ ማብሪያውን ተጭናችሁ ብትይዙትም፣ ሰማያዊ ስክሪን ቢመጣም ያው 41 ይመዘገባል። ሰዓቱም ያሳስታል፤ መስመሩ የሚጻፈው ኮምፒውተሩ ተመልሶ ሲነሣ ነው። የጠፋበትን ሰዓት ከፈለጋችሁ አጠገቡ ያለውን 6008 የሚል መስመር አንብቡ።

ቁም ነገሩ ያለው ውስጡ ነው። 41ን ከፍታችሁ “ዲቴይልስ” ስትሉ “በግቼክ ኮድ” ከሚለው ፊት ለፊት ቁጥር አለ። ቁጥሩ 0 ከሆነ ዊንዶውስ የመዘገበው ስህተት የለም፤ ወይ ኃይል ተቋርጧል፣ ወይ ፍሪዝ አድርጎ እናንተው በግድ አጥፍታችሁታል። 0 ካልሆነ ባታዩትም ሰማያዊ ስክሪን ነበረ።

ቁጥሩን በቀጥታ ኢንተርኔት ላይ ብትፈልጉት ግን ግራ ትጋባላችሁ። እዚህ የተጻፈው በለመድነው አቆጣጠር ነው፤ የስህተት ኮዶቹ የሚታወቁት ግን በሄክሳዴሲማል (በ16 በሚቆጥረው አቆጣጠር) ነው። ለምሳሌ 292 ካገኛችሁ የዊንዶውሱን ካልኩሌተር “ፕሮግራመር” ላይ አድርጋችሁ ቀይሩት፤ 124 ይሆናል። 124 ማለት ሃርድዌሩ ራሱ ሊያርመው ያልቻለውን ስህተት አስታውቋል ማለት ነው። ያኔ ፎርማቱም ድራይቨሩም ይቆይና በስሙ “ሎገር” የሚል ያለበትን የሃርድዌር ስህተት መዝገብ እዚያው አካባቢ ፈልጉ። ፕሮሰሰር ኮር ይላል? ሚሞሪ ይላል? ፒሲአይ ኤክስፕረስ ይላል? ቀጣዩን እርምጃ የሚመራው እሱ ነው።

ስክሪኑ ላይ ስሙ የተጠራውን ሁሉ መወንጀል

ሚኒደምፑን የሚያነብ ፕሮግራም ብዙ ጊዜ የዊንዶውስን ከርነል (እምብርት) ፋይል ጥፋተኛ አድርጎ ያቀርባል። አትመኑት። ከርነሉ ብልሽቱ ሲደርስ ቦታው ላይ የተገኘ ነው እንጂ ራሱ ያጠፋበት ጊዜ ጥቂት ነው። የድምፅ፣ የኔትወርክ ወይም የአንቲቫይረስ ድራይቨር ስም ከተጠራና በየጊዜው ያው ስም ከተደጋገመ ግን ክሱ ጠንካራ ነው።

ዋናው ነገር ድግግሞሹ ነው። እንደ 124 ያለው ሳይቆጠር፣ አንድ ኮድ፣ አንድ ፋይል፣ ሁልጊዜ፦ ብዙውን ጊዜ ሶፍትዌር። ዛሬ አንድ ኮድ፣ ነገ ሌላ፣ ከነገ ወዲያ ሦስተኛ፣ ፋይሉም በየጊዜው የተለየ፦ ሃርድዌር፣ በተለይም ራም። አንድ ሰማያዊ ስክሪን ይዞ ከመፍረድ ሦስት አራቱን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይሻላል።

“ራሙማ ደህና ነው” ብሎ ማለፍ

ዊንዶውስ ውስጥ ያለውን የራም መፈተሻ ለጥቂት ደቂቃ አስኬዶ ማለፍ የተለመደ ነው። ያ ፈተና ቀለል ያለ ነው። ሜምቴስት86 የሚባለውን የራም መፈተሻ ፍላሽ ላይ ጭናችሁ ከፍላሹ አስነሡትና ሌሊቱን ሙሉ ይሂድ። ከሺህ ስህተት ጀምሮ አይደለም ራም የሚበላሸው፤ አንዲት ስህተት እንኳ ከታየች ጤነኛ አይደለም። ንጹሕ ከሆነም ጥርጣሬው ይቀንሳል እንጂ ፈጽሞ አይጠፋም።

ብዙዎች የማያውቁት ደግሞ አለ። ማሸጊያው ላይ 6000 የተጻፈበት ዲዲአር5 ራም መነሻ ፍጥነቱ ብዙውን ጊዜ 4800 ነው። 6000 የሚሆነው ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲበራ ቀድሞ የሚነሣው የማዘርቦርዱ ፕሮግራም) ውስጥ ኤክስኤምፒ ወይም ኤክስፖ የሚባለው የራም ፍጥነት ቅንብር ሲበራ ነው። ይህ በአምራቹ የተሞከረ ቢሆንም ኦቨርክሎክ (ከመደበኛው ፍጥነት በላይ ማሠራት) ነው፤ ፕሮሰሰሩም ማዘርቦርዱም ሊሸከሙት ይገባል። አራት ራም የሰካ ሰው ላይ ችግሩ ይብሳል። ስለዚህ ራም ቀይሩ ከመባባል በፊት ኤክስኤምፒውን አጥፍታችሁ ተጠቀሙ። ብልሽቱ ከቆመ የተበላሸው ራሙ ራሱ ላይሆን ይችላል፤ ፍጥነቱን ትንሽ ዝቅ ማድረግ ብቻ ሊበቃ ይችላል።

ሜምቴስቱ ስህተት ካሳየ አንዱን ራም ነቅላችሁ በአንዱ ብቻ ፈትሹ፣ ከዚያ አፈራርቁ። ስህተቱ ራሙን ተከትሎ ከሄደ ራሙ ነው፤ ያው ማስገቢያ ላይ ከቀረ ማስገቢያው። ስትሰኩ ጫፉ ጠቅ እስኪል ተጫኑት። አንዳንድ ማዘርቦርድ መቆለፊያ ያለው በአንድ በኩል ብቻ ስለሆነ፣ በዚያኛው በኩል ተነሥቶ ሳለ የገባ ይመስላል። ጎንበስ ብላችሁ በጎን በኩል እዩት።

ሦስት ነገር በአንዴ መቀየር፣ ሦስት ቀን ጠብቆ ድል ማወጅ

ድራይቨሩን አደሰ፣ ራሙን ነቅሎ ሰካ፣ ባዮሱን አፕዴት አደረገ፣ አቧራውን አራገፈ። ተሻለው። የቱ ነው ያሻለው? አይታወቅም። ከወር በኋላ ሲመለስ ከዜሮ ይጀመራል። አንድ ነገር ቀይሩ፣ ቀኑን ጻፉ፣ ጠብቁ።

ምን ያህል? ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ብልሽቱ በአማካይ በ2 ቀን አንዴ የሚመጣና ጊዜውም የዘፈቀደ ነው እንበል። ምንም ሳትቀይሩ 3 ቀን በአጋጣሚ ዝም የሚልበት ዕድል 22 በመቶ ገደማ ነው። ለ6 ቀን ዝም የሚልበት ግን ወደ 5 በመቶ ይወርዳል። ስለዚህ ከተለመደው ልዩነት ቢያንስ ሦስት እጥፍ ሳትጠብቁ “ተፈታ” አትበሉ። በሳምንት አንዴ የሚጠፋ ከሆነ ሦስት ሳምንት መሆኑ ነው። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ።

ሁሉንም በሙቀት ማሳበብ

አቧራ ማጽዳት አይከፋም። ነገር ግን የዘመኑ ፕሮሰሰር ሲሞቅ መጀመሪያ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ብዙዎቹ ከ95 እስከ 100 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲደርሱ። የሚጠፋው ያም አልበቃ ሲለው ነው። ስለዚህ ሙቀት ከሆነ ከመጥፋቱ በፊት መንቀርፈፍ ይኖራል። ኤችደብሊው-ኢንፎ በሚባለው ፕሮግራም ሙቀቱን ፋይል ላይ እያስመዘገባችሁ ተጠቀሙ፤ ሲጠፋ የመጨረሻዎቹን መስመሮች ማንበብ ነው። ምንም ሳይሠራ ቁጭ ባለበት የሚጠፋ ከሆነ ደግሞ ሙቀትን ተዉት። ፕሮሰሰሩ ላይ ቮልቴጅ ቀንሳችሁ ከነበረ ወደ ነበረበት መልሱ፤ እንዲህ ያለው ችግር ሥራ ሲበዛ ሳይሆን ሲቀል ብቅ ሊል ይችላል።

ፓወር ሰፕላይን በላዩ በተጻፈው ዋት መመዘን

“750 ዋት ነው፣ ይበቃል” አይሠራም። ግራፊክስ ካርድ ለቅጽበት ከተለመደው በላይ ኃይል ይስባል፤ ያረጀ ወይም ርካሽ ፓወር ሰፕላይ ያችን ቅጽበት አይችላትም። ምልክቱ ጌም ወይም ከባድ ሥራ ሲጀመር ድርግም ማለት ነው። ካርዱ ሁለት የኃይል ማስገቢያ ካለው ሁለት ጫፍ ባለው በአንድ ገመድ ከማዳረስ ከፓወር ሰፕላዩ የሚነሡ ሁለት የተለያዩ ገመዶች ስጡት።

ፓወር ሰፕላዩን ለብቻው በሽቦ አገናኝቶ አስነሥቶ ፋኑ ሲሽከረከር “ይሠራል” ማለት መነሣቱን እንጂ ጭነት መቻሉን አያሳይም። የ12 ቮልቱ መስመር ከ11.4 እስከ 12.6 መሆን አለበት፤ እሱም ኮምፒውተሩ ሥራ ላይ እያለ። አስተማማኙ ፈተና ደህና መሆኑ የታወቀ ሌላ ፓወር ሰፕላይ ተውሶ መሞከር ነው። የፓወር ሰፕላዩን ሳጥን ግን አትክፈቱት። ከሶኬት ተነቅሎም ውስጡ አደገኛ ኃይል ይይዛል።

“አጥፍቼ አብርቼዋለሁ”

ፋስት ስታርትአፕ (ዊንዶውስን በፍጥነት የሚያስነሣው ቅንብር) በርቶ ከሆነ አላጠፋችሁትም። ዊንዶውስ ከርነሉን ዲስክ ላይ አስቀምጦ በማግስቱ ያንኑ መልሶ ያነሣዋል፤ የተበላሸ ድራይቨርም አብሮ ይመለሳል። በትክክል ከአዲስ የሚጀምረው “ሪስታርት” ስትሉ ነው።

“አዲስ ስለሆነ እሱ አይደለም” ማለት

ፕሮሰሰር እምብዛም ስለማይበላሽ መጨረሻ ላይ መጠርጠሩ ልክ ነው። ከነጭራሹ ከዝርዝሩ ማውጣት ግን አይደለም። የአንዳንድ የኢንቴል 13ኛና 14ኛ ትውልድ የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች ታሪክ ምስክር ነው። ጌም ሲከፈት “የቪዲዮ ሚሞሪ አለቀ” የሚል መልእክት ይመጣ ነበር። ሰው ግራፊክስ ካርዱን ቀየረ፣ ድራይቨሩን አራገፈ፣ ፎርማት አደረገ። ጥፋቱ ግን የፕሮሰሰሩ ነበር፤ ከሚገባው በላይ ቮልቴጅ እየጠየቀ ራሱን ይጎዳ ነበር። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2024 ማስተካከያ አወጣ፤ የሚደርሳችሁም በባዮስ አፕዴት በኩል ነው። አፕዴቱ ያልተጎዳውን ይጠብቃል፤ የተጎዳውን ግን አያድንም። እንዲህ ዓይነት ፕሮሰሰር ካላችሁ መጀመሪያ ባዮሱን አድሱ። ብልሽቱ ከቀጠለ ወደ ዋስትናው ሂዱ፤ ኩባንያው ለነዚህ ፕሮሰሰሮች ዋስትናውን በ2 ዓመት አራዝሟል።