የምጣድ፣ የቦይለርና የከሰል ወጪን ከቆጣሪው ጀምሮ መቀነስ

የነዳጅ ድጎማው ከሐምሌ 2014 ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ሲነሳ ጭማሪው ማደያ ላይ አልቆመም። ከሰልና ማገዶ ከተማ የሚገባው ናፍጣ በሚጠጣ መኪና ስለሆነ የጆንያው ዋጋም አብሮ ወጣ። የኤሌክትሪክ ታሪፉም ከመስከረም 2017 ወዲህ በየሦስት ወሩ ከፍ እያለ ነው። ይህ ሲመጣ ብዙ ቤት መጀመሪያ የሚያደርገው አምፖል ማጥፋት ነው። ልጆች ደብተር ይዘው በተቀመጡበት መብራት መቆጠብ ያሳዝናል፤ የሚገኘውም ጥቅም ትንሽ ነው። 9 ዋት የሆነ ኤልኢዲ አምፖል በቀን 5 ሰዓት ቢበራ በወር የሚወስደው 1.4 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። ይህን ምጣድ በ25 ደቂቃ ይጨርሰዋል። አሮጌውን ባለ 60 ዋት አምፖል በኤልኢዲ ቀይሩና የመብራቱን ነገር እዚያው ተዉት። ገንዘቡን የሚበላው ሙቀት ነው፤ ምጣድ፣ ቦይለር፣ ምድጃ።

ቆጣሪውን መፈተሽ

ዲጂታል ቆጣሪ ፊቱ ላይ ብልጭ የምትል ቀይ መብራት አለችው። አጠገቧ 1000 ወይም 1600 የመሰለ ቁጥር ተጽፏል፤ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ስንት ጊዜ ብልጭ እንደምትል የሚናገር ነው። መጀመሪያ ቤት ውስጥ ያለውን ሁሉ ንቀሉ። ብልጭታው ካልቆመ አንድም መስመሩ የሆነ ቦታ ኃይል ያፈስሳል፣ አንድም ከእናንተ መስመር የሚጠቀም ሌላ ሰው አለ፤ ብዙ አባወራ በሚኖርበት ግቢ ይህ የተለመደ ነው። ቀጥሎ ልትለኩት የፈለጋችሁትን ዕቃ ብቻ ሰክታችሁ የአንድ ደቂቃውን ብልጭታ ቁጠሩ። የቆጠራችሁትን በ60 አባዙ፣ ቆጣሪው ላይ ለተጻፈው ቁጥር አካፍሉ። 1000 በሚል ቆጣሪ ላይ 58 ከቆጠራችሁ ዕቃው 3.5 ኪሎዋት ይወስዳል ማለት ነው።

የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በእርከን የተከፈለ ነው፤ እስከ 50፣ እስከ 100፣ እስከ 200፣ እስከ 300 ኪሎዋት ሰዓት እያለ ይወጣል። እርከኑ ከፍ ባለ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ይጨምራል። ስለዚህ በወር 210 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠቀም ቤት 15 ቢቀንስ ወደ ታችኛው እርከን ስለሚወርድ ይጠቅመዋል። ባለፈው ወር ስንት እንደቆጠራችሁ ሳታውቁ ቁጠባ አትጀምሩ።

ምጣዱ

የኤሌክትሪክ ምጣድ በአብዛኛው ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይወስዳል። ባለ 3.5 ኪሎዋቱን እንውሰድ። ለመጋል 15 ደቂቃ፣ ለአንድ እንጀራ ሁለት ደቂቃ ተኩል፣ በእንጀራና በእንጀራ መካከል ክዳኑ ተነስቶ ግማሽ ደቂቃ ቢያልፍ፣ 25 እንጀራ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ይህም 5.25 ኪሎዋት ሰዓት ነው። በሳምንት ሁለቴ የሚጋግር ቤት በምጣድ ብቻ በወር 42 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይፈጃል።

ብክነቱ በብዛት ያለው መጀመሪያው፣ መሀሉና መጨረሻው ላይ ነው።

መጀመሪያው፦ ምጣዱ ከተሰካ በኋላ ሊጥ ማቅጠን፣ ሰፌድ መፈለግ፣ ማሰሻ ማጠብ ይመጣል። ሁሉም ተዘጋጅቶ ካለቀ በኋላ ብቻ ይሰካ። ሊጡ ፍሪጅ ከዋለ ቀደም ብሎ ይውጣ፤ የቀዘቀዘ ሊጥ የሸክላውን ሙቀት ስለሚወስድ ዓይኑም አይወጣም። ሲሞቅ ክዳኑ ከላይ ይሁን። መጋሉን ለማወቅ ጥቂት ሊጥ ጠብ አድርጉ፤ ወዲያው ዓይን ካወጣ ደርሷል።

መሀሉ፦ እንጀራው ወጥቶ የሚቀጥለው እስኪሰፋ ድረስ ባለፈው ግማሽ ደቂቃ ሙቀቱ ወደ ጣሪያ ይሄዳል። ግማሽ ደቂቃውን ወደ 10 ሴኮንድ ማውረድ በ25 እንጀራ 8 ደቂቃ ያድናል፤ ግማሽ ኪሎዋት ሰዓት ይጠጋል። ለዚህ ሁለት ሰፌድ ይኑር፣ ማዞሪያው በሊጥ ተሞልቶ ይጠብቅ። ክዳኑ ጠርዙ የተጣመመ ከሆነ እንፋሎቱ ያመልጣልና አስተካክሉት።

መጨረሻው፦ ሸክላው ከባድ ስለሆነ ሙቀት ይይዛል። ሁለት ወይም ሦስት እንጀራ ሲቀር ንቀሉት፤ የመጨረሻው ትንሽ ቢዘገይም ይበስላል። ከዚያ የተረፈው ሙቀት ድርቆሽ ያደርቃል፣ ለሽሮ የሚሆን አተር ያሟሙቃል።

ይህ ሁሉ ተደምሮ በአንድ ጋገራ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ያስቀራል። የበለጠ የሚቀንሰው ግን ከጎረቤት ጋር መጋገር ነው። አንዴ በጋለ ምጣድ ሁለት ቤት ከጋገረ ሁለተኛው ማጋያ ቀረ፤ ሂሳቡም በእንጀራ ቁጥር ይከፈላል። ብቻችሁን ብዙ ጋግሮ ማቆየት ወሰን አለው። እንደ አዲስ አበባ ባለ አየር ከአራት ቀን በላይ፣ እንደ ድሬዳዋ ባለ ሙቀት ከሁለት ቀን በላይ ከቆየ ሻጋታ ይይዘዋል፤ የተጣለ እንጀራ ደግሞ ጤፉንም መብራቱንም ይዞ ነው የሚሄደው።

ማታ ከ12 እስከ 4 ሰዓት ሰፈሩ ሁሉ ሲያበስል ኃይሉ ይደክማል። 220 መሆን ያለበት ቮልቴጅ ወደ 180 ቢወርድ ምጣዱ የሚሰጠው ሙቀት ከ3.5 ወደ 2.3 ኪሎዋት ይወርዳል። ቆጣሪው ቢዘገይም እንጀራው በሰዓቱ ስለማይበስል ምጣዱ ረጅም ጊዜ ይቆያል፤ በዚያ ጊዜ ሁሉ በጎንና በሥር የሚያመልጠው ሙቀት ይበዛል። በማለዳ ወይም ከቀትር በኋላ ጋግሩ።

ሬዚስታንሱ ሲበጠስ ጫፎቹን ጠምዝዞ መቀጠል የተለመደ ጥገና ነው፤ አደጋውም እዚያ ነው። በተቀጠለ ቁጥር ሽቦው ያጥራል፣ ኃይል የሚስበው ይጨምራል፣ ቋጠሮው ላይ ይግላል። አንዱ ወገን ሲያር ሌላው ጥሬ የሚሆነው በዚህ ነው። አንዴ ከተቀጠለ ሁለተኛው ላይ ሙሉውን ቀይሩ። ከሥር ያለው ጄሶ ተሰነጣጥቆ ወይም ረግፎ ከሆነም ይታደስ፤ ሙቀቱ ወደ ታች እንዳይሄድ የሚከለክለው እሱ ነው።

ባለ 3.5 ኪሎዋት ምጣድ 16 አምፔር ይስባል፤ ይህ የግድግዳ ሶኬት የሚችለው የመጨረሻው ነው። ኤክስቴንሽን ላይ አትሰኩ። የራሱ ብሬከርና ባለ 4 ካሬ ሽቦ ይዘርጋለት። ሶኬቱ ሲነካ የሚያቃጥል ወይም ጠቆር ያለ ከሆነ ውስጡ ላልቷል፤ እሳት የሚነሳውም በዚህ ስለሆነ ዛሬውኑ ይቀየር።

ቦይለርና የገላ ውሃ

50 ሊትር ውሃ ከ18 ወደ 60 ዲግሪ ለማሞቅ 2.4 ኪሎዋት ሰዓት ያስፈልጋል፤ ባለ 1.5 ኪሎዋት ቦይለር አንድ ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይወስድበታል። ቀኑን ሙሉ ሲሰካ ግን ማንም ሳይታጠብ እየቀዘቀዘ እየሞቀ ይውላል። ከመታጠቢያው ሰዓት አስቀድማችሁ ሰኩ፣ ሲደርስ ንቀሉ፣ ቤተሰቡ ተከታትሎ ይታጠብ። ከ60 ዲግሪ በታች አድርጎ ማቆየት ባክቴሪያ ስለሚያራባ አይመከርም።

ለአንድ ሰው በባልዲ መታጠብ ከበቃ ሂሳቡ ሌላ ነው። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። 3 ሊትር የፈላ ከ7 ሊትር ቀዝቃዛ ጋር ሲደባለቅ 40 ዲግሪ ይሆናል፤ በኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያ የሚፈጀው 0.3 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ነው። ለልጆች ስታዘጋጁ ቀዝቃዛውን አስቀድሙ፣ የፈላውን ከላይ ጨምሩ። ለሻይም የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ አፍልታችሁ ፔርሙዝ ውስጥ አኑሩ።

ወጡ

ውሃው በ92 ዲግሪ መፍላቱ ለጥራጥሬ ጥሩ አይደለም፤ ሽምብራና ባቄላ ቶሎ የማይበስሉት በዚህ ነው። ማታ ዘፍዝፉ፤ ከ8 እስከ 12 ሰዓት ይቆይ። ፕሬዠር ድስት ካለ ጊዜውን ከግማሽ በታች ያወርዳል። ከሌለ 15 ደቂቃ በደንብ አፍሉ፣ ድስቱን እንደተከደነ በጋቢ ወይም በብርድ ልብስ ጠቅልላችሁ ሁለት ሰዓት ተዉት፤ ያለ እሳት መብሰሉን ይቀጥላል። ቦሎቄን ግን በዚህ መንገድ አትጀምሩ፤ የዘፈዘፋችሁበትን ውሃ ደፍታችሁ በአዲስ ውሃ 30 ደቂቃ ሙሉ ካልፈላ ሆድ ይመርዛል።

ቁሌት ረጅም እሳት ይፈልጋል። በየቀኑ ከማቁላላት ለሳምንት የሚሆነውን 3 ኪሎ ሽንኩርት በአንድ ድስት አቁላሉና ከፋፍላችሁ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡ። መጀመሪያ ክደኑት፤ የራሱን ውሃ ያወጣል፣ ዘይትም ይቆጥባል።

ከሰል

መብራት ሲጠፋ ከሰል መመለሱ አይቀርም። ላቀች ምድጃ ውስጧ ሸክላ ስለሆነ ከቆርቆሮው ምድጃ ሩብ ያህል ከሰል ትቆጥባለች። ስትገዙ ሸክላው ስንጥቅ እንዳይኖረው፣ በሸክላውና በቆርቆሮው መካከል ክፍተት እንዳይታይ እዩ። ከሰሉን ዕንቁላል የሚያክል አድርጋችሁ ስበሩ፤ ትልቁ ዘግይቶ ይያዛል፣ ደቃቁ የአየሩን ቀዳዳ ይደፍናል። ከተያያዘ በኋላ የአየር በሩን ግማሽ ዝጉ። በእንጨት ለሚጋግር ቤት ደግሞ ከሲሚንቶና ከቀላል ድንጋይ አሸዋ የሚሠራው ምርት ምድጃ ከሦስት ጉልቻ አንጻር የማገዶውን ግማሽ ያድናል።

ሲጨርሱ ፍሙን በውሃ አታጥፉ፤ የረጠበ ከሰል በማግስቱ አይያዝም። ክዳን ባለው ቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ ከታችሁ ዝጉት፤ አየር ሲያጣ ይጠፋል፣ የተረፈው ለነገ ይሆናል። ጣሳው ደጅ ይደር። ጭስ የሌለው ፍም ሽታ የሌለው መርዝ ይሰጣል፤ በር ተዘግቶ ለሙቀት ብለው ምድጃ አስገብተው የተኙ ሰዎች የሚሞቱት በእሱ ነው። ራስ ምታት ወይም ማቅለሽለሽ ከተሰማችሁ ምድጃውን ለማውጣት ሳትቆዩ መጀመሪያ ሰዎቹን ወደ አየር አውጡ።