ቲቪውን ከሳሎኑ ጋር ማስታረቅ

ዛሬ ዛሬ አዲስ ቤት የገባ ሰው መጋረጃ ሳይሰቅል ጂፕሰም ሠሪ ይጠራል። ከቲቪው ጀርባ ደረጃ ደረጃ ያለው ጂፕሰም ይሠራል፣ ውስጡ ወይን ጠጅ ኤልኢዲ ይበራል፣ ዙሪያው ደግሞ እብነ በረድ የሚመስል ፕላስቲክ ይለጠፋል። አያምርም አልልም። ግን ቲቪው ከቤቱ ዕቃ ጋር እንዲዋሃድ ከፈለጋችሁ ይሄ ተቃራኒው ነው። በሳሎኑ ውስጥ ትልቁን ጥቁር ነገር መድረክ ላይ አውጥቶ መብራት ማብራት ማለት ነው። ዳንቴል ጣል ያደርጉበት የነበሩ እናቶች ነገሩ ቀድሞ ገብቷቸዋል። የዛሬው ቲቪ ጫፉ ቀጭን ስለሆነ ዳንቴሉ አይቆምለትም እንጂ እኔ በበኩሌ ቢመለስ ደስ ይለኝ ነበር።

ከመግዛታችሁ በፊት ለኩ። 55 ኢንች ሲባል የሚለካው ሰያፉ ነው፤ ስፋቱ ወደ 122 ሴንቲሜትር፣ ቁመቱ ደግሞ ወደ 69 ይሆናል። በዚህ ልክ ካርቶን ቆርጣችሁ ግድግዳው ላይ ለጥፉትና ለጥቂት ቀናት አብራችሁት ኑሩ። 65 ኢንች ወደ 144 ሴንቲሜትር ይሰፋል፣ ጠባብ የኮንዶሚኒየም ሳሎን ውስጥ ይህን ያህል ነገር ከሰቀላችሁ በኋላ የትኛውም የማስዋብ ዘዴ አያድናችሁም።

ከፍታው ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ኮርኒስ ሥር የተሰቀለ ቲቪ ሳሎኑን ኳስ ማሳያ ቤት ያስመስለዋል፣ አንገትም ያሳምማል። ሶፋው ላይ ስትቀመጡ ዓይናችሁ የሚያርፍበትን ያዙ፤ የስክሪኑ መሃል ከወለሉ ከ1 ሜትር እስከ 1 ሜትር ከ10 ቢሆን ጥሩ ነው። ዝቅ ሲል ከታቹ ካለው ዕቃ ጋር አንድ ላይ ይታያል። ቦታውን ስትመርጡ ደግሞ መስኮት ፊት ለፊት ባይሆን ይመረጣል፣ ቀን ቀን መስታወት ሆኖ ያርፈዋል። በር ሲከፈት መጀመሪያ የሚታየው ግድግዳም አይመከርም። እንግዳ ሲገባ ቀድሞ ሶፋውን ወይ ረከቦቱን ይይ።

ነጭ ግድግዳ ላይ ጥቁር ነገር ይጮሃል። ስለዚህ ያንን አንዱን ግድግዳ ብቻ ጠቆር አድርጉት፦ ጥቁር ግራጫ፣ ጥቁር አረንጓዴ፣ ወይም የተቆላ ቡና ዓይነት። ቀለሙ የማያብረቀርቅ ይሁን። ተከራይ ከሆናችሁና አከራያችሁ ቀለም ሲባል ፊታቸው የሚለወጥ ከሆነ፣ ጠቆር ያለ ሰፊ ጨርቅ ወይም ግድግዳ ላይ ተደግፎ የሚቆም እንጨት ያንኑ ሥራ ይሠራል።

ከዚያ ብቻውን አትተዉት። የሐረሪ ባህላዊ ቤት ግድግዳው በስፌትና በሳህን የተሞላ ነው፤ እንዲህ ያለ ግድግዳ ላይ 43 ኢንች ቲቪ ቢሰቀል ዓይን የሚያርፈው ስፌቱ ላይ ነው። ዘዴው እሱ ነው። ክብ ነገር አራት ማዕዘኑን ይሰብረዋል። ሰፌድ፣ የሙዳይ ክዳን፣ ትንንሽ ሥዕሎች፣ የቤተሰብ ፎቶ በጥቁር ፍሬም፣ ሁሉንም በተለያየ መጠን በአንድ ወገን በዛ በሌላው ሳሳ አድርጋችሁ ስቀሉ። ግራና ቀኙ እኩል ከሆነ ቲቪው መሃል ላይ ንጉሥ ሆኖ ይቀራል።

አሁን ወደ ዋናው ጣጣ፣ ወደ ሽቦው። ሌላው ሁሉ አምሮ ሦስት ገመድ ቢንጠለጠል ድካማችሁ ገደል ገባ። ቤቱ ገና እየተለሰነ ከሆነ ኤሌክትሪሺያኑ ከቲቪው ጀርባ ሶኬት ያውጣላችሁ። የቲቪውን የራሱን የመብራት ገመድ ግን ልስን ውስጥ እንዳይቀብረው፣ አደገኛ ነው። ለኤችዲኤምአይና ለዲሽ ገመድ ለብቻው ቱቦ ይቀበር፤ የኤችዲኤምአይ ጭንቅላት ወደ 2 ሴንቲሜትር ስለሚሰፋ በተለመደው ቀጭን ቱቦ አያልፍም፣ 4 ሴንቲሜትር የሆነውን ጠይቁ። መታጠፊያው ቀስ ያለ ይሁን፣ ውስጡም ሲባጎ ይተዉላችሁ፤ ነገ ሌላ ገመድ መሳብ ስትፈልጉ ታመሰግኑኛላችሁ። ያለቀ ቤት ከሆነ ትራንኪንግ (ገመድ የሚሸፍን የፕላስቲክ ቦይ) ገዝታችሁ በግድግዳው ቀለም ቀቡትና በቀጥታ ወደ ታች አውርዳችሁ በዞኮሎው (በግድግዳው ግርጌ ባለው ጠርዝ) አስጠጉት።

የምትሰቅሉበት ግድግዳ ውስጡ ባዶ ብሎኬት ከሆነ ተራ ፊሸር (ብሎኑ የሚገባበት ፕላስቲክ) አይታመንም፣ ለእሱ የሚሆነውን ጠይቁ። ጂፕሰም ቦርዱ ላይ ብቻ እንዳትሰቅሉ፤ ብሎኑ ከኋላ ያለውን ግድግዳ መያዝ አለበት። ማንጠልጠያውን ከመግዛታችሁ በፊት ከቲቪው ጀርባ ያሉት ቀዳዳዎች ምን ያህል እንደሚራራቁ ለኩ፣ 200 በ200 ወይም 400 በ400 ሚሊሜትር ሊሆን ይችላል።

ሪሲቨሩን ከታች ዝቅ ያለ ረጅም ሳጥን ውስጥ ደብቁት። ሳጥኑ ከቲቪው በግራም በቀኝም ቢያልፍ ቲቪው ትንሽ ይመስላል። ግን በሩ ድፍን እንጨት ከሆነ ሪሞቱ አይሠራም፣ ሪሲቨሩም ይሞቃል። በቀርከሃ ወይም በቀጭን እንጨት ፍርግርግ የተሠራ በር ያሠሩ፣ ከጀርባውም አየር መውጫ ይቀደድለት።

ገንዘብ ያለው ሳምሰንግ ዘ ፍሬም የሚባለውን ቲቪ ሊገዛ ይችላል። መጀመሪያ የወጣው በ2017 እ.ኤ.አ. ነው፣ ሲጠፋ ሥዕል ያሳያል፤ ከ2022ቱ ሞዴል ጀምሮ ስክሪኑ ብርሃን እንዳይመልስ ተደርጓል። ለሌሎቻችን ፍላሽ አለ። ደብዘዝ ያለ ሥዕል ጭናችሁበት ቲቪው ላይ ሰኩት፣ ከዚያ የስክሪኑን ብርሃን ዝቅ፣ ቀለሙን ሞቅ አድርጉት። ቦግ ያለ የፏፏቴ ፎቶ ካደረጋችሁ ግን ጭራሽ ማስታወቂያ ይመስላል። ቲቪያችሁ ኦሌድ (እያንዳንዱ ነጥብ ራሱ የሚያበራበት ስክሪን) ከሆነ አንድ ሥዕል ለሰዓታት አታቁሙበት፣ ጥላው ሊቀር ይችላል፤ እየተቀያየረ ይሂድ። መብራት ሲሄድ ሥዕሉም አብሮ መሄዱ መቼስ ምን ይደረግ።

ቡና የሚፈላው ሳሎን ውስጥ ከሆነ ከሰሉና ዕጣኑ ከቲቪው ሥር አይሁኑ፣ ጭሱ ስክሪኑ ላይ ይቀመጣል። ስታጸዱት በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ብቻ፤ የመስኮት ማጽጃ አታስጠጉት።